መቶ አርባ አራተኛው ጠጠር

ሰዳቢው የግንበኛው ወንድም አማት ነበር፤ ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣ ቦታው እዚሁ የወንድሙ ሳሎን፣ በመስኮቱና በማቀዝቀዣው መካከል። ምስክሮቹ አሥራ አንድ ናቸው። ግንበኛው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ላይ አንዲት ነገር አልቀነሰም፣ አንዲት ነገር አልጨመረም። ዳይሬክተሩ ሻዩን አማስሎ፣ ማንኪያውን ልሶ፣ የጨዋታውን ሰሌዳ እንኳ በቅጡ ሳያይ፣ "ግንበኛ ከዚህ ጨዋታ የሚገባው ጠጠሩ ብቻ ነው፤ ሐሳቡን ለቀያሹ ተዉለት" አለ። ሰዉ ሳቀ። ይሁን፣ ሰው ይስቃል። መሬት ቀያሹ ወንድሙም ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ናት ከጉሮሮው አልወርድ ያለችው።

ቀያሹ ከተቀበረ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ግንበኛው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚህ ቤት ገብቶ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ከበሩ የራቀ ወንበር ሲያሳዩት አይሆንም ብሏል። ሰው ይገባል፣ ትንሽ ያለቅሳል፣ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳለታል፣ ከዚያ ስለ ሟቹ ኩላሊት ይንሾካሾካል፤ እንዴት እንደጀመረው፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ። ዳይሬክተሩም መጣ። የግንበኛውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ "ያጽናህ። ሥራ እንዴት ነው?" አለው።

ረስቶታል! ይኸ ሁሉ ዓመት የተሸከመውን ሸክም ባለቤቱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የተወጋው ብቻውን ሲያስታውስ ምን ያህል ሞኝ እንደሚመስል ግን ተረቱ አይናገርም። "ይመስገን" አለና እጁን ነጠቀ።

ጨዋታው ጎ ይባላል። አሥራ ዘጠኝ መስመር ቁልቁል፣ አሥራ ዘጠኝ መስመር አግድም፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ጠጠር ይዞ በየተራ መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ያስቀምጣል። በመጨረሻ ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። ቀያሹ ተምሮት የመጣው ለሥልጠና ከሄደበት አገር ነበር። መጀመሪያ የተጫወቱት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በተሠመረ ሰሌዳ፣ በጠርሙስ ክዳን ነው። አንዱ መሬት ይለካል፣ አንዱ ያጥራል፤ ለሁለቱ ተብሎ የተፈለሰፈ ይመስል ነበር። ግንበኛው ታላቁ እንዲማርለት ብሎ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ነው። ይህን በዚህ ቤት ማንም አያነሣውም። እሱም አያነሣውም፤ ነገር ግን ይዞታል።

ያን እሑድ ነጩ የእሱ ነበር። ቀያሹ መቶ አርባ ሦስተኛውን ጠጠር፣ ጥቁሩን፣ አስቀምጦ ተራው ለእሱ ደረሰ። ግንበኛው የት እንደሚያስቀምጥ አይቶ ነበር፤ በግራ በኩል፣ ከረጅሙ የጥቁር ጠጠሮች ግንብ ወገብ ላይ። ጠጠሯ እዚያ ብትገባ ግንቡ ለሁለት ይሰነጠቃል። እጁን ሲያነሣ ስድቡ መጣ፣ ሳቁ መጣ። ጠጠሯን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ወንድሙ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሣም። አራተኛ አልተደወለም፤ ይህንንም ቆጥሮ አስቀምጧል። ጠጠሯ ግን ከዚያ ወዲህ ከቱንቢውና ከውኃ ልኩ ጋር በመሣሪያ ቦርሳው ኖረች። ለቀብሩ ሲወጣ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመራት።

የወንድሙ ሚስት፣ የመድኃኒት ባለሙያዋ፣ ሻይ ይዛለት መጣች። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ መሆኑን አይታ የነጮቹን ጠጠሮች ሣጥን አወረደችና ከፈተችለት። በጠጠሮቹ መካከል ቡናማ የካፖርት ቁልፍ አለ።

"አንድ ስለጎደለበት ከካፖርቱ ቆርጦ ጨመረው" አለች። "ሌላ ላስመጣልህ ስለው እምቢ አለ። ባለቤቱ ይመልሳታል አለኝ።"

ግንበኛው ትኩሱን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ምላሱን አቃጠለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጎረቤታቸው ባለታክሲው ነገር አመጣ። ለቅሶ ላይ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ሟቹ በዚህ ቤት የጎ ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም አለ። ዳይሬክተሩ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ባለታክሲው ቀጠለና፣ አንድ ጨዋታ ግን ሳያልቅ ቀርቷል፣ ከታናሹ ጋር የጀመረው፣ ብሎ በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። ዳይሬክተሩ የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ጠየቀ። ያኔ መድኃኒት ባለሙያዋ ተነሥታ የባሏን ኮምፒውተር አምጥታ ከፔርሙዙ አጠገብ አስቀመጠችው።

ጨዋታው እዚህ አለ፣ አለች። ሟቹ ያንኑ ዕለት ማታ ከራሱ አውጥቶ አንድ በአንድ አስገብቶታል። ኋላም ጎ የሚጫወት ፕሮግራም ጫነበት፤ ሰው የማያሸንፈው ነው። የትኛውንም ሰሌዳ ብታሳዩት ማን እየመራ እንደሆነ፣ የማሸነፍ ዕድሉን ከመቶ አስልቶ ይነግራችኋል፤ ራሱ ቢጫወት የሚያስቀምጥበትንም በሰማያዊ ነጥብ ያሳያችኋል።

ግንበኛው ቀና አለ። ዘጠኝ ዓመት የፈለገው ዳኛ ይኸው! ሊነሣና ሊወጣ አሰበ፤ እግሩ ግን ወደ ስክሪኑ ወሰደው።

ጠጠሮቹ በየተራ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። በጎን በኩል ማን እየመራ እንደሆነ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ዘንግ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ከበበ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ሃምሳኛው ጠጠር ላይ ሲደርስ ሹክሹክታው ቀረ። ነጭ አርባ አራት ከመቶ፣ ነጭ ሠላሳ አንድ። "አለቀልህ" አለ ባለታክሲው፣ የግንበኛውን ትከሻ ይዞ። ዘጠና ሰባተኛው ላይ ነጭ አሥራ ስምንት ደረሰ። ከዚያ ጥቁሩ አንድ ቦታ ሳተ፤ ዘንጉ እንደተለቀቀ ሞላ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ሰዉ አንድ ላይ "ውይ!" አለ።

አሮጊቷ አክስት ከማዕዘን ሆነው ተቆጡ። "ሰው ሞቷል ወይስ ኳስ ነው የምታዩት? እፍረት የላችሁም?" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ፤ "የኛ የትኛው ነው፣ ነጩ ነው?"

"ሁለቱም የእርስዎ ናቸው" አለች መድኃኒት ባለሙያዋ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መቶ አርባ ሦስት። ጥቁሩ ተቀመጠ፤ ጨዋታው ቆመ። ተራው የነጭ ነው። ፕሮግራሙ አሰበ፤ ቁጥሩ ተርገበገበ። ስልሳ ስድስት ከመቶ። ለነጭ!

ባለታክሲው ጠረጴዛውን ደበደበ፤ የሻይ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። "ያሸንፍ ነበር! ግንበኛው ሊያሸንፍ ነበር!" ሰዉ የግንበኛውን ጀርባ ይመታል፤ አክስት "ልጄን!" ይላሉ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ሰማያዊው ነጥብ ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ያበራል።

ቀኝ ጥግ። ግንበኛው በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያላያት ጥግ።

"እዚህ ነው ልታስቀምጥ የነበረው?" አለ ዳይሬክተሩ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ቀና ብሎ አየው። "እስቲ አስረዳኝ።"

ግንበኛው አፉን ከፈተ።

"ቆይ፣ የሱ ምልክት አለበት" አለች መድኃኒት ባለሙያዋ። በግራ በኩል፣ ከጥቁሩ ግንብ ወገብ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች። ነካቻት። ዘንጉ ቁልቁል ወረደ፤ ነጭ ሃያ አንድ ከመቶ። ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፤ ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

"ወንድሜ እዚህ ነው የሚያስቀምጠው።"

ከጽሑፉ በታች ዝርዝር ነበር። ሙከራ አንድ፣ ሙከራ ሁለት፣ እያለ እስከ ስልሳ አንድ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ነበር፣ አለች። ፕሮግራሙ ጥቁሩን ይይዛል፣ እሱ ነጩን። ሁልጊዜ ከዚችው ጠጠር ይጀምራል፤ ሁልጊዜ ይሸነፋል። "ሌላ ቦታ ሞክር እንጂ ስለው፣ የምጫወተው እኔ አይደለሁም ይለኛል። ወንድሜ ነው የሚጫወተው፣ እኔ እጁ ነኝ ይለኛል።"

የመጨረሻውን ከፈተችው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ቀን የተጻፈ ነው። "ዛሬም አሸነፈን። መውጫ ግን አይጠፋላትም። ነገ።"

ግንበኛው አንዴ አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ደገመው።

"ኧረ ሟቹ ተሳስቶ ነው" አለ ባለታክሲው፣ ለግንበኛው ተቆርቁሮ። ሰማያዊዋን ነበር እንጂ የሚያየው፣ ይኼ እኮ ዓይኑ የማይስት ሰው ነው፣ እያለ ለሰዉ ያስረዳ ጀመር። ሰዉም አዎ አለ። ሁሉም ለግንበኛው ቆመለት፤ ያን እሑድ የሳቁት ሳይቀሩ።

ዳይሬክተሩ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። "እሱ ይናገር። የትኛው ነበር?"

አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰማያዊዋ ቢል፣ ዳይሬክተሩ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይረታለታል፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ይህንን ነበር። ግን ያኔ ወንድሙ ስልሳ አንድ ጠዋት የማያውቀውን ሰው እጅ ሆኖ ተጫውቷል ማለት ነው። ሦስት ማዕዘኗ ቢል ደግሞ ስድቡ ትክክል ይሆናል፤ ከሐሳቡ ምንም አልገባውም ነበር።

ግንበኛው ተነሣ። ኮቱ ኪስ ገብቶ ነጯን ጠጠር አወጣ፤ ከቱንቢው ጋር ስትጋጭ ኖራ ጠርዟ ተሸርፏል። ሣጥኑን ከፍቶ ከእኩዮቿ መካከል አስቀመጣት። ከዚያ በኖራ በተበላው ጣቱ ጠጠሮቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቡናማውን ቁልፍ አነሣ። የካፖርቱ ክር ገና ከላዩ አልተነቀለም። ክሩን ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

"የትኛው ነበር?" አለ ዳይሬክተሩ እንደገና፣ አሁን በልመና ድምፅ።

ግንበኛው የወንድሙን ሚስት ግንባር ሳማት፤ ወንበሮቹን አልፎ ወጣና በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።