ለፍልፈል የተበተነ ገብስ

ሙሉሰው ሃያ አንደኛው የፍልፈል ቁልል ላይ ሲደርስ ወገቡ አልታዘዝ አለው። እስከዚያ ድረስ ሥራውን በደንቡ ሲሠራው ነበር። ቁልሉን በአካፋ ይገልጣል፤ ከሥሩ ያለውን መተላለፊያ በዘንግ እየወጋ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ከጣሳው አንድ ጭብጥ ገብስ ወደ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ በሣር ጓል ወትፎ ይረግጠዋል። አንዱ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ገና ከአርባ የማያንስ ቁልል ይቀረዋል፤ ያልታጨደው ሣርም እንዳለ አለ። ስለዚህ ዘንጉን ጣለና ገብሱን ቁልሉ ላይ በተን አድርጎ አፈሩን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገበት። የቀሩትንም እንደዚያው እየበተነ ሄደ። ማን ያየኛል ብሎ ነው።

ቦታው ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ጉና ተራራ እግር ሥር የተሠራ የአንድ ሎጅ የጎልፍ ሜዳ ነው። ጎልፍ ምን እንደሆነ ለመንደሩ ሰው ለማስረዳት ሙሉሰው ብዙ ደክሟል። በመጨረሻ፣ እንደ ገና ጨዋታ ነው፣ ግን ተጋጣሚ የለውም፣ ሩሯንም የሚቀማህ የለም ብሎ ተገላገለ። ተጋጣሚ ከሌለ ምን ያስሮጣቸዋል ብለው ጠየቁት። አይሮጡም፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት ሲላቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ነገር መሰላቸውና አዘኑላቸው።

ክረምቱን ማንም አይጫወትበትም። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ማጨጃው ማሽን ይሰጥማል፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። የሙሉሰው ፍዳ የሚጀምረው መስከረም ሲጠባ ነው። ሣሩን ያጭዳል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ የሰጠመውን በአፈር ይሞላል፣ ውኃ በሞላው የብረት በርሜል ይዳምጠዋል፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሣር ምንጣፍ እስኪመስል ይከረክማል። ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ትል ፍለጋ ሣሩን ሲወጋጉት ምንም አይላቸውም፤ እንዲያውም ይወዳቸዋል። ፍልፈል ግን ሌላ ነው። ፍልፈል የጎልፍ ሕግ አያውቅም። ማታ ደልድሎት የሄደውን ጧት ቆልሎ ይጠብቀዋል።

ሐሙስ ዕለት የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ደረጄ ከደብረ ታቦር በላስቲክ የተጠቀለለ ጥቁር የፍልፈል መርዝ ዱቄት ይዞ መጣ። እሑድ ከባሕር ዳር እንግዶች እንደሚመጡና አንድም ቁልል ማየት እንደማይፈልግ ነገረው። ዱቄቱን በተቆላ ገብስ ለውሶ ጉድጓድ ውስጥ መክተት እንጂ ላይ መጣል እንደማይገባም ደጋግሞ አስረዳው። ሲሄድ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣና፣ «መንደሩ ከሰማ ቀበሌ ይመጣል። ቀበሌ ከመጣ እኔ አንተን አላውቅህም» አለው።

መንደሩ የሚቆጣበት ምክንያት ነበረው። ሜዳው ከመታጠሩ በፊት የወል ግጦሽ ነበር። ሊታጠር ሲል በተጠራው ስብሰባ ላይ ሰው ሲያጉረመርም ብድግ ብሎ ከብት ባይገባበትም ዶሮና ንብ እንደማይከለከል፣ መርዝ የሚባል ነገር እንደማይነካው የተናገረው ራሱ ሙሉሰው ነው። «እኔ አለሁ አይደል?» ብሎ ነበር። ሰውም እሱ አለ ብሎ ዝም አለ። ሥራውንም ያገኘው በዚያች ቃል ነው። አርብ ማታ ሚስቱ ፈንታነሽ ገብሱን ስትቆላለት ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ሥራ ቦታ የሚቆረጥመው ቆሎ መስሏት ትንሽ ልጨምርልህ ስትለው ዓይኗን ማየት አልቻለም።

እኩለ ቀን ላይ አጥሩ ጥግ ሁለት ቁራዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀው አገኘ። ዙሪያውን ቃኘና በእግሩ ገፍቶ ቦዩ ውስጥ ከተታቸው፤ የታጨደ ሣር ጣል አደረገባቸው። ቁራ ነው፣ ለቁራ ማን ያለቅሳል አለ ለራሱ። ያን የበተነውን ገብስ ሄዶ መልቀም እንዳለበት ግን ያን ጊዜ ገብቶታል። አልገባኝም ነበር ማለት አይችልም። ሣሩን አጭጄ ስጨርስ እለቅመዋለሁ አለና ማሽኑን አስነሣ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማሽኑን ሲያጠፋ ከአጥሩ ማዶ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ሰማ። እመት ብዙነሽ ናቸው። ቤታቸው ከሜዳው ሥር ነው፤ ከሽቦው እስከ ጓሯቸው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሴት ስለማታርድ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሯቸውን የሚባርክላቸው ቅርብ ያለው ወንድ ነው፤ ቅርብ ያለው ደግሞ ሙሉሰው ነው። እሱም ፈንታነሽ ምጥ ጠንቶባት ሁለት ቀን ስታቃስት ከአጠገቧ ያልተነሡትን ሴት መቼም አይረሳም።

«ልጄ፣ ቶሎ ድረስልኝ» አሉት። «ፈንግል ገባብኝ። አንዷ ሞተች፤ ሦስቱ ክንፋቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። ሳይሞቱብኝ ባርካቸው።»

በአገሩ ወግ የሞተች ዶሮ ጥንብ ናት፤ ትጣላለች። ሳትሞት ቢላ የደረሰላት ግን ሥጋ ናት። በነጋታው ሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበር ነው፤ ተረኛዋም እመት ብዙነሽ ናቸው። እነዚያን ዶሮዎች ክረምቱን ሁሉ ያሳደጓቸው ለዚህች ቀን ነው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ሙሉሰውም አንዱ ነው።

በሽቦው ሥር ሾልኮ ወረደ። ፈንግል በሆነ እያለ ነበር የሚወርደው። ለሰው ዶሮ በሽታ ሲመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ግቢው ሲደርስ ድስቱ ተጥዶ ውኃው ይፈላል። ሦስቱ ዶሮዎች ግድግዳው ሥር አንገታቸውን ሰብረው ተቀምጠዋል፤ አንዷ በአፏ አረፋ ታወጣለች። ፈንግል እንዲህ አያደርግም። ፈንግል ቀናት ይወስዳል፤ እነዚህ ጧት ደህና ነበሩ።

እመት ብዙነሽ ቢላውን አቀበሉት። አሁን ተናገር አለ በሆዱ። የመጀመሪያዋን ዶሮ ያዘ፤ እጁ እንደለመደው ወደ ምሥራቅ አዞራት፤ አፉም እንደለመደው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ። ስሙን ጠርቶ ሲጨርስ ከጣቶቹ የነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ መጣበት። የዱቄቱ ሽታ ነው፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀውም። በዚህ እጅ፣ በዚህ አፍ ብሎ አፈረ። አፍሮም አረዳት። ሁለተኛዋን ግን አንሥቶ መልሶ አስቀመጣት።

«እመት ብዙነሽ፣ እነዚህ ባይበሉስ?» አለ።

«ምነው?»

«በሽታ ነው። ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።»

«ማነው እንዲህ የሚል? ፈንግል ሰው ሲነካ አይቼ አላውቅም። አምና ያንተዎቹ ሲያልቁ ጠርተኸኝ አብረን በልተን የለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ ጠርቷቸው ነበር። እሳቸው ያረዳትን ዶሮ የፈላ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ላባዋን መንጨት ያዙ። እጃቸው ሲሠራ ነገሩ ይበልጥ ያብከነክናቸው ጀመር። በሽታውን ያመጣባቸው ከአልማዝ የገዙት አውራ ዶሮ እንደሆነ፣ አልማዝም የታመመ መሆኑን እያወቀች እንደሸጠችላቸው፣ ነገ በማኅበሩ ፊት አፍ አውጥተው እንደሚጠይቋት ነገሩት። አልማዝ ከመንደሩ ማዶ የምትኖር ምስኪን ሴት ናት፤ ማኅበርተኛም ናት። ሙሉሰው ይህንንም ሰምቶ ዝም አለ። ሰው አንድ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሁለተኛው እንዴት እንደሚቀል ያን ዕለት አወቀ።

እመት ብዙነሽ ላባውን ጨርሰው ከዶሮዋ አንገት ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በቢላ ጫፍ ቀደዱት። የተቆላ ገብስ ወጣ። በመዳፋቸው ያዙና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ጧት አይቼሃለሁ እኮ» አሉት።

ሙሉሰው ቀና አለ።

«ጎንበስ ቀና እያልህ ስትበትን ከደጄ ሆኜ አይቼሃለሁ። ይህ ልጅ የነገው ማኅበር ትዝ ብሎት ለዶሮዎቼ ቆሎ ይዞላቸው መጣ አልሁ። ራሴ ነኝ በሽቦው ሥር የነዳኋቸው። እግዜር ይስጥህ፤ ሳይሞቱ እንኳ ጠገቡልኝ።»

ሙሉሰው በሕይወቱ አፍሮ ያውቃል። በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በአባቱ በጥፊ ተመትቷል፤ ጎረምሳ ሳለ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ተከልክሏል። ያ ሁሉ ተሰብስቦ ይህችን አያክልም። ቢሰድቡት፣ በያዙት ዶሮ ፊቱን ቢሉት በተሻለው ነበር። እሳቸው ግን መረቁት። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ደረጄ መሆኑን ሳያይም ያውቃል፤ ቁልሎቹ ተስተካከሉ ወይ ሊለው ነው። እስኪበቃው ጠርቶ ቆመ።

«ገብሱ መድኃኒት አለበት» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለፍልፈል ነው የበተንሁት። ጉድጓድ ውስጥ ነበር መክተት የነበረብኝ፤ ታከተኝና ላይ ላዩን በተንሁት። አሁንም ልነግርዎ ስል ፈራሁ።»

እመት ብዙነሽ የያዙትን ገብስ መልሰው አጠገባቸው ካለው ሳፋ ውስጥ ጣሉ። ግድግዳው ሥር የነበረችው አንዷ ዶሮ በጎኗ ተጋደመች።

«አንተን አምነን ነበርኮ ዝም ያልን» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን በአመድና በውኃ ፈተጉ፤ ሲጨርሱ ጣሳውን እንደያዙ ወደሱ ዞረው «ና፣ ታጠብ» አሉት። በእጁ ላይ ውኃ አፈሰሱለት። እናቱን የሚያክሉ ሴት፣ ዶሯቸውን የፈጀውን እጅ ቆመው ሲያስታጥቡ ሙሉሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ውኃው አልቆ እንኳ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

«አሁን እንግዲህ ሥራህን ያሳጡሃል» አሉት። «ልጆች አሉህ። ነገ ለማኅበሩ ፈንግል ነው የጨረሰብኝ እላለሁ፤ ሽሮ ይበላሉ፣ ማርያም አትቀየምም። እነዚህን ይዘህ በጓሮ ውጣና ገደሉ ጋ አርቀህ ቅበራቸው። ሰው እንዳያይህ።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አለው። ያችን ቅጽበት ኋላ ባስታወሳት ቁጥር ፊቱ ይነድዳል፤ ግን ደስ አለው። የታረደችውን፣ የሞተችውንና በሞት አፋፍ ያሉትን ዶሮዎች ማዳበሪያ ውስጥ ከተተ። ገብሱንም ጠርጎ ጨመረበት። አልማዝን ምን ይሏት ይሆን ብሎ አሰበና ሳይጠይቅ ተወው። ማዳበሪያውን ተሸክሞ በጓሮው በር ወጣ።

ከጓሮው በር ሁለት መንገድ አለ። ወደ ግራ ቀጭኗ መንገድ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ገደሉ ትወርዳለች፤ በዚያች ሰው አይሄድም። ወደ ቀኝ የሚወስደው የገሳይ መንገድ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያተኛው በዚያ እየተመለሰ ነው። ሙሉሰው ወደ ግራ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ወደ ሜዳው ቀና ሲል ከላይ በኩል የማን እንደሆኑ ያልለያቸው አምስት ስድስት ዶሮዎች ሽቦውን አልፈው ሣሩን ሲጭሩ አየ። ድንጋይ ወርውሮ አባረራቸው። ትንሽ ሸሹና መልሰው መጡ።

ማዳበሪያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረና ወደ ትልቁ መንገድ ወጣ።

መጀመሪያ ያገኛት ባዶ ቅርጫቷን በራሷ ላይ አድርጋ ከገበያ የምትመለሰውን አልማዝን ነበር። ከማዳበሪያው የወጣ ክንፍ አይታ ቆመች።

«ምነው፣ ከእመት ብዙነሽ ቤት ነው?» አለችው። «ፈንግል ገባ እንዴ? በሞትሁት፣ ከኔ አውራ ዶሮ ይሆን?»

ሙሉሰው ማዳበሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ፈንግል አይደለም፤ ያንቺም ዶሮ አይደለም» አላት። «መርዝ ነው። ሜዳው ላይ ተበትኗል። ቶሎ ሂጂና ዶሮዎችሽን አስገቢ፤ በየቤቱም ለሰው ንገሪ። ማን በተነው ካሉሽ ሙሉሰው ነው በያቸው።»

አልማዝ ቅርጫቷን አውርዳ በእጇ ይዛ እየሮጠች ሄደች። ከኋላዋ ሌሎች ገበያተኞች ዳገቱን ይወጣሉ፤ ሙሉሰውም እስኪደርሱ መንገዱ መሀል ቆሞ ጠበቃቸው።