ጉሮሮው ላይ የተተከሉ ቅርንጫፎች

ኦድቫርን የሰደበው ሃልዶር ነው። የእህቱ የኦስታ ባል፣ ርዕሰ መምህሩ ሃልዶር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ። ፀሐይ የተራራውን ጎጆ ግድግዳ አሙቃዋለች፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ብርቱካን ይልጣል። ማን የት እንደተቀመጠ እንኳ ዛሬም አልጠፋውም። ቀልደኛው ጓደኛቸው ኤይሊፍ በሩ ዘንድ ነበር። ኦስታ ከባሏ ቀኝ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት የኦድቫር ልጅ ግሮ ደግሞ አጋዘን ቆዳ ላይ በደረቷ ተኝታለች።

በጎጆው ውስጥ መዝገብ አለ። የመጣ ሰው ከየት እንደመጣ፣ በረዶው ልል ይሁን ጠጣር፣ የበረዶ ማዕበል አግኝቶት እንደሆነ ይጽፍበታል። ኦድቫርም ጠዋት ጽፎበት ነበር። ሃልዶር መዝገቡን ይዞ ወጣና ከደረት ኪሱ ቀይ እርሳስ መዞ፣ «ስሙማ፣ ይቺን ስሙልኝ» አለ። ጮክ ብሎ አነበበው። ከአራት መስመር ውስጥ ሰባት ስሕተት ለቀመ፤ ሰባቱንም በቀይ ከበባቸው። ከዚያ መዝገቡን እየዘጋ፣

«ኦድቫር እኮ በረዶ ማንበብ የቻለው ሌላ የሚያነበው ስለሌለው ነው» አለ።

ሳቁ። ኤይሊፍ ሳቀ፤ ኦስታ አፏን ይዛ ሳቀች። ይሁን፣ የእነሱስ ይሁን። ግሮም ሳቀች። እሷ ናት ውስጡ የቀረችው።

ኦድቫር ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ እንጨት ሥራ የገባ ሰው ነው። ማንበብ አቅቶት አልነበረም፤ አባቱን እጅ ስላጠረው ነው። ይህን ሃልዶር ያውቃል። ያውቃል፣ ግን ለሳቅ አይመችም።

ያም ሆኖ በዚያ ተራራ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የሄደው በኦድቫር መስመር ነው። በየዓመቱ የካቲት ላይ ቀጫጭን የበርች ዛፍ ቅርንጫፎች ቆርጦ፣ በጀርባው ተሸክሞ፣ በየሠላሳ እርምጃው አንዳንድ ይተክላል። ሰማይና ምድር አንድ ዓይነት ነጭ በሚሆኑበት ቀን ሰው የሚያየው የሚቀጥለውን ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ወደሷ ይሄዳል፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችውን ያያል፣ እንደዚያ እያለ ከነሕይወቱ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ የተተከለ ቅርንጫፍ አይነካም። ቅርንጫፍ ሲነቅል የታየ ሰው በሸለቆው ሱቅ ውስጥ ሰላም የሚለው አያገኝም። ልጅ ሆነው የሚማሩት ነገር ነው።

ባለፈው ጥቅምት የተራራው ማኅበር ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ሃልዶር ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል። «ኦድቫር ደክሟል፣ ይረፍ» አለና እጅ አስወጣ። እጅ ወጣ። ማን ደከመኝ አለ? ኦድቫር ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር እኮ፤ ደክሞህ እንደሆን ብሎ የጠየቀው የለም። የማኅበሩ ምልክት ያለበት ቴርሞስ ሰጡት። ለሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቴርሞስ። አጨበጨቡለትም። ቴርሞሱን እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አላወጣውም።

ለዚህ ፋሲካ ወደ ጎጆው ላለመምጣት ቆርጦ ነበር። ኦስታ ደወለች፤ «ለእኔ ስትል» አለች። እሷ ስለጠራችው አልመጣም። ግሮ የስምንት ወር ልጇን ሊቭን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትመጣ ስለሰማ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ሕፃኗን ጨምሮ ስድስት ሆነው ከጎጆው ወጡ። ክሮክ ሐይቅን ተሻግረው ማዶ ካለው ፀሐያማ ተዳፋት ላይ ቋሊማ ሊጠብሱ፣ የሐይቁን ግግር በረዶ ሰርስረው ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። ሃልዶር ከፊት ይመራል። ግሮ ሊቭን በተንሸራታች ሳጥን ውስጥ ጠቅልላ፣ ቀበቶውን ወገቧ ላይ አስራ ትጎትታለች። ኦድቫር ከሁሉም ኋላ ነው። አሥር ቀን የሞቀ አየር ነበር፤ ትናንት ሌሊት ደግሞ አዲስ በረዶ ጥሎ ሁሉንም ሸፍኖታል። በምዕራብ በኩል ጭጋግ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከሰዓት በኋላ እንደሚወርድ ማንም የአገሩ ሰው ያውቃል።

ሐይቁ ዳር ሲደርስ ኦድቫር ቆመ።

ክሮክ ሐይቅ መሐሉ ላይ ወገቡ ይቀጥናል። ያንን ቦታ ጉሮሮው ይሉታል። የላይኛው ውሃ በሙሉ በዚያ ተጨናንቆ ነው ወደ ታችኛው የሚያልፈው፤ ግግሩን ከሥር ሲልሰው ይከርማል። ከላይ ሲያዩት እንደ ሌላው ነጭ ነው። የኦድቫር መስመር ሁልጊዜ ጉሮሮውን ትቶ በጉብታው ላይ ይዞር ነበር። አሁን ግን ቅርንጫፎቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ብለው ጉሮሮው መሐል ገብተዋል።

«ይሄን ማን ተከለው?» አለ።

«ማኅበሩ» አለ ሃልዶር ዞር ሳይል።

«ማኅበሩ እጅ የለውም። ማን ተከለው?»

«እኔ። ምነው፣ ጠመመብህ?»

«ጉሮሮው ላይ ነው የተከልከው።»

«አርባ ደቂቃ አተረፍኩላችኋ! ሰው ሃያ ሦስት ዓመት ያንን ጉብታ ሲወጣ የኖረው ኦድቫር ጉብታ ስለሚወድ ነው።»

«ጉብታው ላይ ሚስት ደብቆ ይሆናላ» አለ ኤይሊፍ። ከዚያ የኦድቫር ሚስት ጥላው ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ መሆኑ ትዝ አለውና ሳል አስመሰለ።

«በየካቲት ግግሩን ለክቼዋለሁ» አለ ሃልዶር፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ቀስ እያለ። «በሞተር መንሸራተቻ አልፌበታለሁ። ሐሙስ ዕለት ሃያ ሰው አልፎበታል። ሃያ ሰው፣ ኦድቫር።»

«የካቲት የካቲት ነው። አሥር ቀን ሞቋል። ከሐሙስ ወዲህ ያለውን አላየህም።»

«አንተስ አየኸው? ወይስ ሸተተህ?»

ሳቁ። ኦድቫር እነሱን ትቶ ወደ ልጁ ሄደ።

«ግሮ፣ አንቺ ከእኔ ጋር በጉብታው ዙሪ።»

«አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ አትጀምር።»

«የማልጀምረው ምንድን ነው?»

«ይሄንን። በየዓመቱ ይሄው ነው። ስብሰባው አናዶሃል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሊቭ ልትነቃ ነው፣ ማዶ ደርሼ ላጥባት። ያን ዳገት ሳጥን እየጎተትኩ አልወጣም።»

«እኔ እጎትታታለሁ።»

«አባዬ!» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

አታዋርደኝ። ኦድቫር ይቺን ቃል ሰማና ደሙ ጆሮው ላይ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት የተዋረደው ማን ሆኖ ነው? እሷ ግን ቀበቶዋን ጠበቅ አደረገች። የሳጥኑ ክዳን ሥር የሊቭ ቀይ ኮፍያ ጫፍ ይታያል። ሃልዶር እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ «በሉ፣ በሰልፍ!» አለ።

ኦድቫር ሁሉንም ቀድሞ ግግሩ ላይ ወረደ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጋ ደረሰ። በሁለት እጁ ያዘው፤ ነቀለው።

 ሁለተኛውን ነቀለ። ሦስተኛውን ሲይዝ ኦስታ፣ «ኦድቫር! ምን ነካህ?» ብላ ጮኸች። ኤይሊፍ እንኳ፣ ያ ሁሉን በቀልድ የሚያልፈው ኤይሊፍ፣ «ኧረ ይሄስ ነውር ነው» አለ። ሃልዶር በበረዶ መንሸራተቻ ስኪው እየገሰገሰ ደርሶ የአራተኛውን ቅርንጫፍ ሌላ ጫፍ ያዘ።

«ልቀቅ!»

«አንተ ልቀቅ!»

«ቅርንጫፍ ትነቅላለህ? በጭጋግ የሚመጣ ሰው ምን ይሁን? ለማኅበሩ አመለክታለሁ! ጎጆው በር ላይ ስምህ ይለጠፋል!»

«በጭጋግ የሚመጣ ሰው ያንተን ቅርንጫፍ ተከትሎ ውሃ ውስጥ ይግባ?»

«ቅናት ነው! ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ሥራ ነበረህ፣ እሷንም ሌላ ሰው ካንተ በተሻለ ሠራት፤ ያ ነው ያመመህ!»

ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ሰዎች አንድ የበርች ቅርንጫፍ ወዲህና ወዲያ ይጓተታሉ። ኦድቫር ድንገት ለቀቀው። ሃልዶር በቂጡ በረዶው ላይ ቁጭ አለ፤ ስኪዎቹ ወደ ሰማይ ቀጥ አሉ። ኤይሊፍ ሳቁ አመለጠው።

ኦድቫር ግን አልሳቀም። ወደ ኤይሊፍ ሄዶ የዓሣውን መሰርሰሪያ ከጀርባው ላይ ፈታ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላሽትት።»

የስኪ ዱላዎቹን ማሰሪያ ከእጁ አወጣ፤ የቦርሳውን ቀበቶ ፈታ። ግግር ቢከዳ ሰውን ወደ ታች የሚጎትቱት እነዚህ ናቸው። ለግሮ፣ «እዚያው ቁሚ» ብሎ ብቻውን ወደ ጉሮሮው ሄደ። እሷ አልቆመችም፤ ሳጥኗን እየጎተተች አምስት ስድስት እርምጃ ተከተለችው። ዞሮ አያት። የዚያን ጊዜ ቆመች።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሰረሰረ። ግግሩ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ይደርሳል። ሃልዶር በረዶውን ከሱሪው እያራገፈ፣ «ይኸው! ባቡር ይሸከማል!» አለ። ኦድቫር ሠላሳ እርምጃ አለፈ። ሁለተኛው ስንዝር ሆነ። «ስንዝርም ፈረስ ይሸከማል!» አለ ያ ሰውዬ፤ ድምፁ ግን ትንሽ ቀጥኖ ነበር።

ለሦስተኛው ኦድቫር ተንበረከከ። የሃልዶር ቅርንጫፍ ከጎኑ ቆማለች። መሰርሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሲያዞረው እጀታው ድረስ ሰመጠ። ምንም አልነበረም ከሥሩ። ጥቁር ውሃ በቀዳዳው ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ በረዶውን አመድ አስመስሎ ዙሪያውን ተስፋፋ፣ የኦድቫርን ጉልበት አራሰ። ቅርንጫፏ ቀስ ብላ አዘነበለችና እስከ አንገቷ ገባች። ከሥሩ አንድ ረጅም ድምፅ ተሰማ፤ ወፍራም ልብስ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት። ኦድቫር በደረቱ ተኛ። በሆዱ እየተሳበ፣ ስኪውን እየጎተተ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሲነሳ ግሮ ቀበቶዋን ፈታ ሳጥኑን በእጇ ወደ ዳር እየጎተተች ነበር።  ዳር ስትደርስ ሊቭን አውጥታ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ልጅቷ ነቅታ ኖሮ ታለቅሳለች።

ኦድቫር ከእርጥብ ጉልበቱ ላይ በረዶውን አራገፈ። አሁን አንድ ነገር ይባላል ብሎ ጠበቀ። ብዙ አልፈለገም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ኦድቫር ልክ ነበር» ቢል በቂው ነው። ኦስታ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ኤይሊፍ መሰርሰሪያው ታጥፎ እንደሆነ ይመረምራል።

የዚያን ጊዜ ከታችኛው ጎጆ የመጡ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። ልጆች አሉባቸው፤ ሁለት ሳጥንም ይጎትታሉ። የቀሩትን ቅርንጫፎች አይተው በቀጥታ ወደ ጉሮሮው አቀኑ።

ሃልዶር ሁለቱንም ዱላ ወደ ላይ አንስቶ ተቀበላቸው።

«ቁሙ፣ ቁሙ! መስመሩን እየቀየርን ነው!» አለ፤ በዚያ የትምህርት ቤት ግቢ ድምፁ። «ሙቀቱ ስላሳሰበን ማኅበሩ ግግሩን ዛሬ እያስለካ ነው። ይኸው ጉሮሮው ላይ ሳስቶ አገኘነው። በጉብታው ትዞራላችሁ።»

«ተባረክ ሃልዶር!» አለች አንዷ እናት ደረቷን ይዛ። «እናንተ ባትኖሩ እኮ ገብተንበት ነበር። ልጆቹን ይዘን!»

«ኃላፊነታችን ነው። ደግሞ ጥሩ ሰው ልኬ ነው ያስለካሁት።» ሃልዶር ዞሮ የኦድቫርን ትከሻ በጓንቱ መታ መታ አደረገው። «ውሃ ነክቶታል እንጂ ያዘዝኩትን በደንብ ሠርቷል። አይደል ኦድቫር? እስቲ አንተ ንገራቸው፣ ስንት ስንዝር አገኘህ?»

አሥራ አምስቱም ሰው ወደሱ ዞረ። እናቲቱ ፈገግ አለችለት፤ ለታዛዥ ሠራተኛ የሚፈገገው ዓይነት። ሃልዶርም ፈገግ ብሏል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ልመና አለበት፤ ከልመናውም ሥር፣ አንተ ብትናገርስ ማን ያምንሃል የሚል ነገር አለበት።

«አባዬ» አለች ግሮ ከዳር ሆና፤ ፊቷ ቀልቷል። «አባዬ፣ ተናገር እንጂ! ንገራቸው!»

አሁን ተናገር። ደረቅ መሬት ላይ ቆማ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ተናገር ትለዋለች። አንቺስ ምላስ የለሽም? ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። ሁሉንም ሊያፈርጠው ይችል ነበር፤ ማን እንደተከለ፣ ማን እንደነቀለ፣ ማን በቂጡ እንደወደቀ። ግን ለማን? ለመታመን ደግሞ ሊለምናቸው ነው?

የሃልዶርን እጅ ከትከሻው ላይ በሁለት ጣቱ አነሳ። ከወደቁበት ቅርንጫፎቹን አንድ ባንድ ለቀመ። የስኪውን ማሰሪያ አጠበቀ፣ ቅርንጫፎቹን በትከሻው ተሸከመ።

«ኦድቫር?» አለ ሃልዶር። «ሰው እየጠየቀህ ነው እኮ።»

ኦድቫር ጀርባውን ሰጣቸውና ጉብታውን መውጣት ጀመረ።