የሽማግሌው ሳህን

አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ ያገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚደወለው ለከፍያለው ነው። ሰውየው በማስታረቅ የታወቀ ነው። ቀን ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ሥራውን ሲጨርስ መኪናውን የተጣላ ሰው ደጅ ላይ ያቆምና ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ድምፁን አለስልሶ ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ የከተማው ኢትዮጵያውያን ማኅበር የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተመርጧል። ይህቺን ወንበር እንዴት እንደሚወዳት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ፀጉሩ ገና ሳይሸብት "ሽማግሌያችን" ሲሉት ወገቡን ጎበጥ ማድረግ ይቃጣዋል።

እንግዲህ ሳህን የተሰበረው በዚህ ሰው ቤት ነው።

አንድ እሑድ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ሄዶ አንዱን አባወራ ስለ ትዕግሥት ሲመክር ዋለ። በዚያው ቀን የሚስቱ የዕፀገነት እህት ልጇን ክርስትና ታስነሳ ነበር፤ ዕፀገነት ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። ባሏ ሲገባ ሰላጣ እያቀረበች፣ "ሶ፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት እዚያው አለቀ ወይስ ለእኛም የተረፈ አለ?" አለችው። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምሯ ነበር። ከፍያለው ሳህኑን ከነሰላጣው አነሳና ግድግዳው ላይ ወረወረው። ትልቁ ነጭ ሳህን፣ የሠርጋቸው ስጦታ፣ እንክትክቱ ወጣ።

ወሬው ከመውጣቱ በፊት የኮሚቴው አንጋፋዎች ጋሼ ነጋና እትዬ ታደለች ሁለቱን ጋሼ ነጋ ቤት አስጠርተው በምስጢር አስታረቋቸው። "ነገሩ እዚህ ይቅር፤ ከእንግዲህ ከሁለታችሁም አፍ እንዳይወጣ" ብለው አስማሏቸው። ከፍያለው እየተቻኮለ ማለ። ዕፀገነትም ማለች። ስባሪውን ግን አልጣለችውም።

ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቷ አብራት የምትሠራ አንዲት ጃፓናዊት አለች። ይህቺ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ኪንትሱጊ ታስተምራለች፤ የተሰበረ ሸክላን በዛፍ ሙጫ ገጥሞ በስንጥቁ ላይ ወርቅ መነስነስ ማለት ነው። የእኛ ሰው የሰበረውን ዕቃ ከተቻለ ይደብቃል፣ ካልተቻለ ሌላ ሰው ያመካኛል። ጃፓኖቹ ግን የተሰበረበትን ቦታ በወርቅ ያሰምሩበታል። ዕፀገነት ስባሪውን ይዛ ክላሷ ገባች። ሙጫው እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ እርጥበትም ስለሚፈልግ ሳህኑ ካርቶን ውስጥ ሆኖ መታጠቢያ ቤት ከረመ። ከፍያለው አንድ ጠዋት ምን እንደሆነ ሊያይ ሲነካካው ሙጫው ቆዳውን አሳበጠውና እጁን እያከከ ሰው ሲያስታርቅ ሰነበተ።

በመጨረሻ ሳህኑ ሳሎን ተሰቀለ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ጎረቤታቸው ስርጉት ናት። ለስርጉት የተነገረ ነገር ለጋርላንድ ሁሉ እንደተነገረ ይቆጠራል።

"ውይ፣ እንዴት ያምራል! የተሰበረ ነው እንዴ? ማን ሰበረው?"

ዕፀገነት መሐላዋን አክብራ ዝም አለችና ባሏን አየችው።

"ድመት ነው" አለ ከፍያለው። ድመት የላቸውም።

ለሚቀጥለው እንግዳ፣ "ማለቴ፣ ያኔ ቶርኔዶ የመጣ ጊዜ ነው" አለ። ቶርኔዶው፣ ያ ሁሉ አውሎ ነፋስ፣ አጠገቡ የነበረውን ብርጭቆ እንኳን ሳይነካ ሳህኑን ብቻ መርጦ መሰባበሩን እንግዳው በትሕትና አመነለት።

ብዙም ሳይቆይ ስርጉት ኪንትሱጊ ልትማር ክላስ ገባች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም ገቡ። የወርቅ መስመር የሌለው ሳሎን ሳሎን መባሉ ቀረ። ዕቃ ተሰብሮባት የማታውቅ ሴት አንገቷን ደፋች፤ አንዷማ አዲስ ሳህን ገዝታ መኪና ማቆሚያው ላይ ፈጠፈጠችው አሉ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ባልየውን ማየት ጀመረ። መስመር በበዛበት ቤት ያለ አባወራ ሰላምታ እንኳን አጥርቶ መመለስ አቃተው። ባሎች ተራ በተራ ለከፍያለው አቤት አሉ። እሱም ደስ አለው፤ በሌሎች አቤቱታ ተከልሎ የራሱን ሳህን ሊያስወርድ ነው። ድመቱም ቶርኔዶውም ሲያልቁበት የሰብሳቢነት ወንበሩ እንደሚያልቅ አሳምሮ ያውቃል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮሚቴው እሱው ቤት፣ እዚያው ሳህኑ ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢውም ተከራካሪውም ከፍያለው ነበር።

"ልጄ፣ ከአፍ እንዳይወጣ ብለን አልነበረም?" አሉ ጋሼ ነጋ።

"ከአፌ ወጥቶ ያውቃል እንዴ ጋሼ?" አለች ዕፀገነት።

አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። ሳህን ተናገረ ይባላል? ከተባለስ ሳህን ምሏል? ጋሼ ነጋ ወርቁ ነጭ ቀለም ይቀባ አሉ። እትዬ ታደለች ፊቱን ወደ ግድግዳ ይዙር አሉ። ረዥም ክርክር ሆነና በመጨረሻ ይውረድ ተብሎ ተፈረደ። የከፍያለው ትከሻ ቀለል አለው።

ዕፀገነት ወንበር ላይ ወጥታ ሳህኑን አወረደችው።

ከሳህኑ ጀርባ ግድግዳው ጎድጉዶ ነበር። የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ልስን ካርቶን ነው፤ የሳህኑ ጠርዝ በስቶት ገብቷል። ሳህኑ የተሰበረ ዕለት ራሱ ከፍያለው የቀን መቁጠሪያ ሰቅሎ ሸፍኖት ነበር፤ ቀጥሎ ሳህኑ በቦታው ገባ። ወርቁን ሲጠላ ከርሞ ወርቁ ምን እንደሸፈነለት ረስቶት ነበር። ዕፀገነት ከወንበሩ ወርዳ ሳህኑን ታቅፋ እዚያው ቆመች። ጉድጓዱ ከጆሮዋ ትክክል ነበር።

ቀድመው የነቁት ጋሼ ነጋ ናቸው።

"በይ... በይ ልጄ፣ መልሰሽ ስቀይው።"

"ተፈርዷል እኮ ጋሼ" አለችና ሳህኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ከፍያለው ሳያስበው ያችን የለሰለሰች ድምፁን አወጣ። "ማለቴ፣ እትዬ... እኔ ግድግዳው ላይ ነው የወረወርኩት። ግድግዳው ላይ።"

እትዬ ታደለች ጉድጓዱን ትክ ብለው አዩት።

"እሷ የት ነበረች?"

ድመትም ቶርኔዶም አልመጣለትም። ኀፍረቱ ከአንገቱ ተነስቶ ፊቱን አቃጠለው። ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ መዳፉን ጉድጓዱ ላይ አደረገ።

"እዚህ" አለ።