ከእናት በኩል

ገራዡ ምላጩን በክብሪት እሳት ሲለበልብ ባህሩዲን ዘው ብሎ ገባና ሕፃኑን ከወንድሙ ከነጅሙዲን ጭን ላይ አነሣው። የነጅሙዲን ሚስት ሀቢባ ከጓዳው በር ቆማ የልጇን ልቅሶ ትሰማለች። የበኩር ልጇ በዚሁ ሳሎን ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል። አማቷ ወይዘሮ ረህማ የዚያን ገራዥ እጅ ረግመው ነው ሌላ ያስመጡት።

ባህሩዲን ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ መጥቶ እዚሁ ዲላ ያስተምራል። እዚያ የሠራው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጂን በየትኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ መፈለግ ነበር። ክሮሞዞሞቹን ስስ መስታወት ላይ ዘርግተው፣ በጨረር ምልክት የተደረገበት የጂን ቁራጭ ያፈሱባቸዋል። ቁራጩ አምሳያውን ፈልጎ ይጣበቃል። የፎቶ ኬሚካል ቀብተው ጨለማ ውስጥ ሲያቆዩት የተጣበቀበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ሲበላሽ ደም አልቆም የሚለው፣ ደም የሚያረጋው ጂን የተገኘው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ያንን ከእናቱ ብቻ ይወርሳል ብሎ አስረዳቸው።

በጭነት መኪና የሚተዳደረው ነጅሙዲን ነገሩ አልገባውም፤ ስለ መኪናው ቢነገረው ይሻለው ነበር። ወይዘሮ ረህማ ግን ቱግ አሉ።

"አላህ የለም ከሚሉት ዘንድ ተምረህ ሱናችንን ልታስቀር ነው?"

"ልጁ ይሞታል ነው የምለው፣ እማ።"

ከዚያ ወደ ሀቢባ ዞሮ፣ "ከወንድሞችሽ እንዲህ የሆነ አለ?" አላት።

ወንድሟ ኸድሩ በአባቷ አገር በገደብ የተገረዘ ዕለት ደሙ ፈሶ አልቋል። ክፉ ዘር አላት ተብላ እንዳትቀር እናቷ ስትድራት አደራ ዝም በይ ብላታለች። አሁን ብትናገር ትዳሯ ማብቃቱ ነው። ገራዡ፣ ልጁን አምጡት እንጂ፣ ሊመሽብኝ ነው አለ።

"ወንድሜን የገደለው ግርዛት ነው፤ ደብቀናችሁ ነው" አለች። "የልጄም ሞት በኔ በኩል ነው የመጣው።"

ነጅሙዲን ገራዡን ሸኝቶ ሲመለስ ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም። የፈረዱት እናቱ ናቸው፤ ለልጄ ጤነኛ ሚስት አመጣለታለሁ፣ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ አባትሽ ቤት ግቢ አሏት።

ሀቢባ ልጇን አዝላ እስከ ደጃፉ ደረሰች። ከልጇ ሌላ ምን አላት? ግን ገደብ ወድቆ ቢደማ ማን ይደርስለታል? ማዘያውን ፈታችና ልጁን ለባህሩዲን ሰጠችው።

"ከገደብ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው" አለችው። "ጥርሱ ሲነቀልም ይደማልና አጠገቡ ሁንልኝ።"