የደፈንኳቸው ሦስት ቱቦዎች

ልስን ላይ የሚስተካከለኝ የለም እያልኩ የምኮፈስ ግንበኛ ነበርኩ። አሁን አልልም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

በስደት በምሠራበት ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቪላ አለ። ከግቢው በአራት ደረጃ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ሴራሚክ የተነጠፈበት ሰፊ በረንዳ አለው። በረንዳውን ከሥር የያዘውን ዙሪያ ግድግዳ እንድለስን ያመጣኝ አለቃዬ መርዋን ነው። የመናዊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ግን በከፊሌ፣ በዋሴ በሆነው አሠሪዬ ፊት የሚያስከብረኝም የሚያስባርረኝም የእሱ አፍ ነው።

ከግድግዳው ሥር ሦስት የፕላስቲክ ቱቦዎች ወጣ ወጣ ብለዋል። ለምን እንደተቀበሩ አልጠየቅኩም። እኔ ብርሃኔ ደግሞ ጠይቄ አውቃለሁ? የድሮ ገመድ ማሳለፊያ መሰሉኝ፣ የልስኔንም መልክ አበላሹብኝ። በመጋዝ ቆረጥኳቸው፣ በሲሚንቶ ደፈንኳቸው፣ ላያቸውን አለሰለስኩት። መርዋን በመዳፉ ዳብሶ «ማሻአላህ» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ።

በሦስተኛው ወር ተጠራሁ። ግድግዳው ከታች አብጧል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ነጭ ጨው አውጥቷል። በመዶሻዬ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። የባሰበት ቦታ ደግሞ ቱቦዎቹን የደፈንኩበት ነው። ያኔ ገባኝ። በረንዳው ሥር የተሞላው አፈር ነው፤ ከላይ ሲታጠብ በሴራሚኩ መጋጠሚያ የሚሰርገው ውሃ መውጫው ለካ እነዚያ ቱቦዎች ኖረዋል። መውጫውን ብዘጋበት ጊዜ በልስኔ በኩል መጣ።

የቪላው እመቤት፣ ማዳም፣ ቆማለች፤ መርዋን ቆሟል። ሸጋላዋ፣ የቤቱ ሠራተኛ ሸሪፋ፣ የወሎ ልጅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ቆማለች። የአገሬ ሰው ብላ ነው። መርዋን ምክንያቱን ጠየቀኝ።

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ «ሸጋላዋ ናት፤ በረንዳውን በጎማ ስታጥብ ውሃ ታበዛለች» አልኩ በአረብኛ።

አፌ አመለጠኝ ልል ነበር። አላመለጠኝም፤ አስቤበት ነው ያልኩት።

ሸሪፋ አረብኛ ከእኔ በላይ ትሰማለች። ዞር ብላ አየችኝ። ማዳም ግን ተቆጣች። ከዛሬ ጀምሮ ጎማ የለም፣ በባልዲና በጨርቅ ብቻ ይጸዳል አለች። ግድግዳው ዳግመኛ ከተበላሸ ደግሞ ሸሪፋን ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪዎቿ ቢሮ፣ እንደምትመልሳት ተናገረች። መክተብ የተመለሰች ሴት ምን እንደሚጠብቃት እኛ እናውቃለን፤ ወይ ለማታውቀው ቤት ትሰጣለች፣ ወይ ባዶ እጇን አገሯ ትገባለች።

ያበጠውን ልጬ አዲስ ልስን አለበስኩት። ቱቦዎቹን ልክፈታቸው ብዬ ነበር፤ መርዋን ከጎኔ አልነቃነቅ አለ። ለምን እንደምከፍታቸው ይጠይቀኛላ። እንደተደፈኑ ተውኳቸው። ጉበይራ ሰፈር፣ ለስድስት የምንኖርባት ክፍል ገብቼ ጋደም ስል «ምናልባት ይደርቅ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የት ይደርቃል? ማዳም ራሷ የምታጠጣቸው፣ በረንዳው ላይ የተተከሉት ዛፎች ውሃም ወደዚያው ይወርዳል። አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ መርዋን ደወለልኝ። «ያው ግድግዳ ነው። ማዳም ልጅቷን ቅዳሜ መክተብ ትወስዳታለች።» ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ስደርስ ሸሪፋ ያንን ሁሉ በረንዳ ተንበርክካ በጨርቅ ትወለውላለች። መዳፏ በሳሙና ተላልጧል። ሻንጣዋ ከወዲሁ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል።

«ወላሂ ወንድሜ፣ ጎማውን ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም» አለችኝ። «ግን በባልዲውም አብዝቼ ይሆን እንዴ? ማዳምን እግሯ ላይ ወድቄ አውፍ በይኝ አልኳት። ለእናቴም በስልክ፣ የሰው ቤት አበላሸሁ፣ ዱዓ አድርጊልኝ አልኳት።»

ወይ ጉዴ። እኔ የጠበቅኩት እርግማን ነበር። እሷ እቴ፣ ጥፋቱን የራሷ ነው ብላ አምናለች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሮዬን አንስቼ የደፈንኩትን መታሁት። ሲሚንቶው ሲፈነከት ጭቃ የመሰለ ውሃ ጫማዬ ላይ ወረደ፣ መቆሚያም አጣ። ግቢው ውስጥ ሲጠብቀኝ የነበረው መርዋን ማዳምን ጠራት። ሁለቱም ውሃውን አዩ።

«ይህን ማን ደፈነው?» አለ መርዋን።

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስለስን ደፈንኩት። ባለፈው ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር። እሷ ምንም አላደረገችም።» አልኩት።

ማዳም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ኸላስ፣ ሦስቱንም ክፈታቸው። ሸሪፋ ትቆያለች» ብላ ገባች። መርዋን የስድብ መዓት አወረደብኝ፤ እስክትጨርስ ዓርብ የሚባል እረፍት የለህም አለኝና ወደ መኪናው ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህችን ፈርቼ ነው የሰው ልጅ አሳልፌ የሰጠሁት።

ሸሪፋ ጨርቁን እንደያዘች ቆማለች። «እኔ አይደለሁማ?» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽም።»

«አልሃምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ለመንኳት። እንባዋን ጠረገች። ሳትቆጣ፣ «ታዲያ ያኔ ለምን እኔን አልክ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ስለ ኢቃማዬ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ስለ ከፊሌ፣ አገር ቤት ስላሉት ልጆቼ። ፊቷን ሳይ ሁሉንም ተውኩት።

«አጠገቤ የነበርሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው» አልኳት።

ሻንጣዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ሥራው አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራቱም ቀን ሰላም ስላት ትመልስልኛለች፤ ወንድሜ ግን አላለችኝም።