ሽንሽን ያለው ሸራ

ሙላቴ የጀልባ ሸራ ስፊልኝ ሲለኝ አልደነገጥኩም። በደብረ ታቦር ገበያ እኔ ያልሰፋሁትን ቀሚስ የለበሰች ሴት ካያችሁ ቸግሯት ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደሉንም የስፌት መኪናውንም ራሴ ነኝ የለመድኳቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ሊያስተምሩኝ በመጡ ጊዜ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን አርሜ፣ የአንዱን ሱሪ ጠግኜ ነው የሸኘኋቸው።

"ትንሽ ናት፣ ከነጠላ አትበልጥም" አለኝ። "ከጀልባዋ ኋላ የምትቆም።"

"እንዲህ ያለች ሸራ ጀልባ ታስኬዳለች?"

"ለማስኬድ አይደለም እቴ፣ ለማስቆም ነው።"

"ሸራ ሲያስቆም የት አየህ?"

"አሰብ። መልሕቅ የጣለች ጀልባ ነፋስ ሲመጣ እንደታሰረች በቅሎ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ጎኗን ለሞገድ ትሰጣለች። ኋላዋ ላይ ትንሽ ሸራ ካለ ግን ነፋሱ ጭራዋን ይገፋና ፊቷን ወደራሱ ያዞረዋል። ያኔ ትረጋለች።"

አብሮ አደጌ ሙላቴ አሰብ ወደብ በሸራ ጀልባ ላይ ይሠራል። የመጣው ለአባቱ ተዝካር ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ የመጣብኝን የጋብቻ ጠያቂ ሁሉ መልሻለሁ፤ ማንን እንደምጠብቅ ግን ለእናቴም አልነገርኩም። እሱም አልጠየቀኝም።

ከወረታ ወዲያ፣ ሐይቁ ዳር፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አንዲት የሳንቃ ጀልባ አለችው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መረብ የሚጎትት ሰው አይቆምባትም። ሊቀመንበሩ ጓድ ደሳለኝ፣ "ይህን ካስተካከልክ ጀልባዋ ባንተ እጅ ትሁን፤ ቤትም እንሰጥሃለን" ብለውታል። ስለዚህ ሸራው ከሠራ ሙላቴ ይቀራል። እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው።

ከከማል ሱቅ ወፍራም አቡጀዴ ገዝቼ ሰፋሁ። ነፋስ የሚይዝ ነገር ሆድ ያስፈልገዋል ብዬ፣ ሽንሽኑን ደርድሬ ደርድሬ አሳመርኩት። ጓያ በጫነ መኪና ወረታ ወረድን፤ ከዚያ በእግር።

መልሕቅ ተጥሎ ሸራው ሲሰቀል ጀልባዋ አበደች። ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ገመዱ ይጎትታታል፣ ወደ ቀኝ ትሮጣለች። ዳር ላይ ታንኳቸውን የሚያደርቁት አስጋሪዎች ሥራቸውን ተዉ።

"ሙላቴ፣ እስክስታ ነው ያስተማርካት?" አለ አንዱ።

"ምን ታድርግ፣ የሙሽራ ቀሚስ አልብሷት" አለ ሌላው።

ሙላቴ ወደ ዳር ሲመለስ ሸራውን በጣቶቹ ዳሰሰ። "እቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽንሽን ነው። አሰብ ሴት የለም እንዴ?"

"ጠፍጣፋ ነበር የፈለግሁት፣ እንደ ሰሌዳ። ሆድ ካለው ነፋሱን ይዞ ይሄዳል።"

"ጠፍጣፋ አላልክም።"

"ሸራ ሸንሽኖ የሚሰፋ ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ተረተርኩት፤ በማግስቱ እስከ ቀትር በእጄ ሰፍቼ ጨረስኩ። አንዲት እጥፋት አልነበረችበትም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ደሳለኝ ኮፍያቸውን ይዘው ተሳፈሩ፤ እኔም ሳልጋበዝ ገባሁ። ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ነጭ ነጭ አለ። ጀልባዋ ግን ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር ንቅንቅ አላለችም። ሙላቴ ቆሞ መረቡን ጣለ። እግሩ አልተንገዳገደም።

ጓድ ደሳለኝ በመዳፋቸው ሳንቃውን መታ መታ አደረጉ። "በል ጓድ ሙላቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ያንተ ናት። ልጅቷንም አምጣት፤ መረብ የሚጠግን ሰው ቸግሮናል።"

ወደ ሙላቴ አየሁ። እሱ ወደ ማዶ ያያል። ሞገድ የረጨው ውኃ ከንፈሩ ላይ አርፏል፤ በምላሱ ቀመሰው።

"ጨው የለውም" አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን። ቆየት ብሎ ደግሞ "ማዶው ተራራ ነው። አሰብ ግን ማዶ የሚባል ነገር የለም" አለ።

ጓድ ደሳለኝ መልስ ይጠብቃሉ። ሙላቴ ዓይኑን ከማዶው አልነቀለም። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ እያለሁ እምቢ ማለት አቅቶት ነው። ትንሽ ብጠብቅ፣ ለእኔ ብሎ እሺ ይል ነበር ይሆናል። ሰው በይሉኝታ ቤቴ እንዲቀመጥ ግን አልፈልግም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙላቴ ወደ ሥራው ይመለሳል" አልኩ። "ሸራው ለማኅበሩ ይቀራል። አሰቃቀሉን ለአስጋሪዎቹ ያሳያቸዋል።"

ሙላቴ ዞር አለ። "እቴ፣ እኔ እኮ ምንም አላልኩም።"

"አላልክም" አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ የመረቡን ገመድ ያዘ። ጀልባዋ እንደ ትናንቱ ብትናጥ ኖሮ፣ ጠርዟን ይዤ ፊቴን ባዞርኩ ነበር። እሷ ግን ጸጥ ብላለች። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ዓሣው እስኪገባ ጠበቅን።