የጫጩቶቹ አጎበር

በዚያ ምሽት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ፣ እኔ ፈንታዬ፣ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ትርንጎ ከተኛችበት መደብ አጠገብ ተቀምጬ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር። ልጅቱ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ እሳት፣ አንዴ በረዶ ስትሆን፣ «ምች ነው» ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አጠጥቻታለሁ። እናቷ «እማዬ፣ ጤና ኬላ እንውሰዳት» ስትለኝ፣ «ምች ላይ መርፌ ልታስወጊና ልትገድያት ነው?» ብዬ አፏን አስዘጋኋት። ወባ በሐሳቤም አልመጣ፤ ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ራሱ «ደጋ ላይ ወባ የለም» ብሎ በሰሌዳ ጽፎልናል። አምና ትንኝ እንዳይነድፈን ብለው ያደሉንንም አጎበር፣ ጭልፊት ጫጩቶቼን እንዳይወስድብኝ የዶሮው ቤት ላይ ወጥሬዋለሁ። ጨርቅ እየነከርኩ ግንባሯን ስጠርግ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆ፣ ቆላ አግብታ በወባ የሞተችው ታላቅ እህቴ እትዬ ደብሪቱ፣ በሞተችበት በሃያ ዓመቷ መልክ ፊቴ ቆማለች።

«ተነሺ፣ አንቺ አሮጊት! አገሬን ላሳይሽ።»

«እትዬ፣ እኔ ቆላ አልወርድም። ወባውስ?»

«ዛሬም ፈሪ ነሽ?» ብላ ሳቀችብኝና እጄን ይዛ ቁልቁል ወሰደችኝ።

ስንወርድ አየሩ እየከበደ፣ ገብሱ ሳያዘረዝር ደርቆ፣ ምንጩ ነጥፎ በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ አረንጓዴ ለብሶ፣ ትንኙ በላዩ እንደ ጭጋግ ሲንሳፈፍ አየሁ። እርጉዞች በየአጥሩ ጥግ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሽማግሌዎች ሙቀቱ ትንፋሽ አሳጥቷቸው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«ይህ የማን አገር ነው?»

«ደጃፉን እይው።»

አየሁት፤ የራሴ ደጃፍ ነው! ዶሮዎቼ አጎበር ውስጥ ደልቷቸው ተኝተዋል፤ ከቤት ውስጥ ትርንጎ ታቃስታለች።

«እኛ መች ወደ ወባ ወረድን? ማን አወጣው ወደዚህ?»

«ሙቀቱ ነዋ። ዘበኛችሁ ብርዱ ነበር፤ ጥሏችሁ ሄደ።»

«ማን አባረረው? እኔ መኪና የለኝ፣ ፋብሪካ የለኝ! የሩቅ ሰው ባጨሰው ጭስ የእኔ ልጅ ትንቀጥቀጥ? ይህ ፍርድ ነው?»

«ተናደጂ፣ ያናድዳል። ግን አጎበሩን ዶሮ ላይ የወጠረውም የሩቅ ሰው ነው?»

ከዚያ በጓሮ በኩል አዞረችኝ። መንደሩ ያው መንደር ሆኖ ሌላ ነበር። ሰዉ በደቦ ወጥቶ የቆመ ውሃ ያፋስሳል፤ በየመደቡ አጎበር ተወጥሯል። ከዋርካው ጥላ ሥር የተቀመጡት እርጉዞችና አረጋውያን ናቸው፤ ሹማምንቱ ፀሐይ ላይ ቆመው «ሙቀት ሲበረታ ማን ቀድሞ ይጎዳል?» ብለው ይጠይቋቸዋል፤ ጉድ ነው፣ መልሱንም ይጽፋሉ! ያተኮሰው ልጅ ሳያድር ደሙ ይመረመራል።

«ጫጩቶቹንስ በምን ጠበቋቸው?»

«በቅርጫት ነዋ፣ አንቺ ሞኝ!»

«ይህን ሁሉ ማን ጀመረው?»

«አንዲት አሮጊት። ተሳስቻለሁ ለማለት ያላፈረች።»

«የልጅ ልጇስ ዳነች?»

ደብሪቱ ፊቷን አዞረች። «እሱን ነቅተሽ ጠይቂ።»

ስነቃ ጎሕ ቀድዷል። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ትርንጎን አዝዬ፣ እናቷን አስከትዬ ጤና ኬላ ገሠገሥኩ። ባለሙያዋ ጣቷን ወጋ አድርጋ ደሟን አየች።

«እማማ፣ ወባ ነው። ዛሬ ባያመጧት ኖሮ...» ብላ ሳትጨርስ መድኃኒቱን ሰጠቻት።

መድኃኒቱን ከጀመረች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ጠዋት ገንፎ አምጡልኝ አለች። አጎበሩም ታጥቦ ከመደቧ በላይ ተወጥሯል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። መጀመሪያ የምነግራቸው ግን ሕልሜን አይደለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቱን ከመድኃኒት ያስቀረኋት እኔው አያቷ መሆኔን ነው።